ናይትሮ ሄሊኮፕተር በደሴ አየር፦ ከብሎኑ እስከ ነዳጅ መርፌው

ናይትሮ ሄሊኮፕተር ማለት ናይትሮሜቴን በተቀላቀለበት ሜታኖል በሚሠራ ሞተር የሚበር፣ በሪሞት የሚነዳ ትንሽ ሞዴል ነው። ከሞዴሉ ጋር የሚመጣው መመሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው ለዝቅተኛ አገር አየር የተጻፉ ናቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ደሴ ላይ አየሩ በጣም ስለሚሳሳ ክብደቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሞተሩ የሚስበውም፣ ላዩ ላይ የሚሽከረከረው ክንፍ የሚገፋውም ይሄንኑ የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ መመሪያውን ቃል በቃል ተከትሎ የተገጠመ ሄሊኮፕተር እዚህ ሰነፍ ይሆናል። እዚህ የምንነጋገረው 50 ስለሚባለው የመጠን መደብ ነው፤ ሞተሩ 8 ሲሲ ገደማ፣ ዋና ክንፉ 600 ሚሊ ሜትር።

ገጠማው ላይ ትልቁ ጠላት ንዝረት ነው። ብረት ከብረት ጋር በሚታሰርበት ቦታ ሁሉ ብሎኑን በአልኮል አጥባችሁ አድርቁትና አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ አድርጉበት። ከፋብሪካ የመጣው ዘይት ካልጠራ ማጣበቂያው አይዝም። ፕላስቲክ ላይ ግን አታስነኩት፣ ያሰነጥቀዋል።

የማቀዝቀዣው ፋን ሞተሩ ዘንግ ላይ ሲታሰር ውልግድናው ከ0.05 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ይሄ በዓይን አይታይም፤ ቶርኖ ቤት ያለው ሰዓት መሳይ መለኪያ ግን ያወጣዋል። ፋኑ ከተወላገደ ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃል፣ ፍሪሲዮኑ እኩል አይነክስም፣ ሰርባቶዮው ውስጥ ያለው ነዳጅም አረፋ ይሠራል። ነዳጁ አረፋ ከሠራ የነዳጁን መጠን የሚወስነውን መርፌ ቀኑን ሙሉ ብታሽከረክሩት ሞተሩ አይስተካከልም። ትንሹን ጥርስ ከትልቁ ስታገናኙ በመሃል ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አስገቡና አዙሩት። ወረቀቱ የጥርሱን ቅርጽ ይዞ ተጣጥፎ ሳይቀደድ ከወጣ ክፍተቱ ልክ ነው። ከተቀደደ ጠብቋል፣ ምልክቱ ደብዛዛ ከሆነ ላልቷል።

ሪሞቱ ላይ መሪው መሃል ሲሆን የሰርቮዎቹ (የሪሞቱን ትእዛዝ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጡት ትንንሽ ሞተሮች) ክንዶች ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ 90 ዲግሪ፣ መሥራት አለባቸው፤ ስዋሽፕሌቱም (ዘንጉ ላይ ያለው የክንፉን ማዕዘን የሚለውጥ ሳህን) ፍጹም አግድም ይሁን። ከሁሉ በላይ ጅራቱ በራሱ እንዳይዞር የሚጠብቀውን ጋይሮ ፈትሹ። አፍንጫውን በእጃችሁ ወደ ቀኝ ስታዞሩት የጅራቱ ክንፎች የሚዞሩት ወደ ግራ መሪ ስትሰጡ በሚዞሩበት አቅጣጫ ካልሆነ ጋይሮው ተገልብጧል፤ ከመሬት ሲነሳ እንደ እንዝርት ይሾራል። ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ እንዲወርድ ማስተካከሉም ከመጀመሪያው መነሳት በፊት ያልቅ።

አሁን ወደ መርፌው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ 1.5 ዙር አካባቢ መክፈት ነው፤ የሞተራችሁን መመሪያ እዩ። አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰርባቶዮዎች ነዳጅ አብዝታችሁ አሟሹት። ከዚያ በኋላ ደሴ ላይ አየሩ ስለሚያንስ በዚያው መርፌ ነዳጁ ይበዛል፦ ወፍራም ጭስ፣ ከማርሚታው የሚንጠባጠብ ዘይት፣ የሚንተፋተፍ ድምፅ። መርፌውን በአንድ በአንድ ቀጭታ (ሲዞር ቀጭ በሚልበት እርከን) እየዘጋችሁ ሞክሩት። ስስ የማይቋረጥ ጭስ መኖር አለበት። ጭሱ ከጠፋ፣ ወይም ከፍታ ስትሰጡት ጉልበቱ ከወደቀና ወደ ሚኒሞ ለመመለስ ከዘገየ ነዳጅ አንሶታል።

ደሴ ላይ የተስተካከለን ሞተር ይዛችሁ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አየሩ ይወፍራል፤ በዚያው መርፌ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ይግላል። ዘይቱ የሚገባው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ቅባቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ፒስተንና ሲሊንደር የሚበላሹትም እንዲህ ነው። ስለዚህ ቁልቁል ስትወርዱ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ሩብ ዙር ያህል ክፈቱና ከዚያ እየዘጋችሁ ፈልጉት። ሽቅብ ስትወጡ ብትረሱት ሞተሩ ይሰንፋል እንጂ አይሞትም።

ክንፉ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት፣ አልነሳ ሲል የክንፉን ማዕዘን መጨመር ነው። ሞተሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ጉልበቱን አጥቷል፤ ማዕዘን ሲጨመርበት ይታነቃል፣ ጅራቱም ይለቃል። መጀመሪያ የክንፉን ዙር ጨምሩ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ በ1,550 ዙር በደቂቃ ይንሳፈፍ የነበረው በዚያው ማዕዘን ደሴ ላይ ወደ 1,750 ይፈልጋል። የጥርሱ ጥምርታ 8.5 ከሆነ (ክንፉ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 8.5 ጊዜ ከዞረ) ሞተሩ 14,875 ይዞራል ማለት ነው፤ ለዚህ መደብ አይበዛበትም። ክንፉ የሚችለውን ጣሪያ ግን አትለፉ። ከፍተኛውን ማዕዘን 9 ወይም 10 ዲግሪ ላይ ግቱት። 30 በመቶ ናይትሮ ያለው ነዳጅም እዚህ ዋጋ አለው፤ ናይትሮሜቴን ለመቃጠል ከሜታኖል ያነሰ አየር ስለሚፈልግ በሳሳ አየርም ጉልበት ይሰጣል። ነዳጁን ስትቀይሩ መርፌውን እንደገና መክፈት ግድ ነው።

ሜታኖል እርጥበት ይስባል፤ በክረምቱ ጉም ክዳኑ ክፍት ካደረ ነዳጁ ይበላሻል። መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። በሃይላንድ ጠርሙስ በፍጹም አታስቀምጡት፤ ውኃ መስሎት የሚጠጣው ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው ራቁ፤ የትም ቢሆን ደግሞ ፈቃድ ሳትይዙ አታስነሱ። ስትጨርሱ ሰርባቶዮውን አድርቁ፣ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ አስነስታችሁ አቃጥሉ፣ ካንዴላውን ፈትታችሁ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምሩና ዘንጉን በእጅ አዙሩት።