ኖልቫዴክስንና ጀነሪክ ታሞክሲፌንን ጎን ለጎን ያነጻጸርኩበት መንገድ

ደሴ ፒያሳ ፋርማሲ የሚገባ ሰው የጡት ካንሰር መድኃኒት ሲሰጠው ቀድሞ የሚጠይቀው «የየት አገር ነው?» ብሎ ነው። እኔ ሁለቱን ካርቶኖች ሳነጻጽር የጀመርኩት በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው ስም ነው። ኖልቫዴክስ የኦርጂናሉ የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ ታሞክሲፌን ይባላል፤ ጀነሪክ የሚባለው ያንኑ መድኃኒት ሌሎች ፋብሪካዎች ሲሠሩት ነው። ከአረብ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣውም ካርቶን ላይ «ታሞክሲፌን» የሚል ካለ ንጥረ ነገሩ አንድ ነው።

ቀጥሎ ሚሊግራሙ። ብዙው ስህተት ያለው እዚህ ነው። ታሞክሲፌን በ10 እና በ20 ሚሊግራም ክኒን ይመጣል፤ የተለመደው የቀን መጠን 20 ነው። ባለ 20ውን በቀን አንድ ስትወስድ የቆየች ሴት ባለ 10 ተሰጥቷት «እንደ ድሮው» ከቀጠለች ግማሹን ብቻ እየዋጠች ነው። ስለዚህ ካርቶን በተለወጠ ቁጥር የቀኑን ፍሬ ብዛት በእስክሪብቶ ላዩ ላይ እጽፋለሁ። «ታሞክሲፌን ሲትሬት 30.4 ሚሊግራም» የሚል ካየሁም አልደነግጥም፤ ከነጨዉ ተመዝኖ ነው እንጂ ያው 20 ነው። ዋጋውንም በካርቶን ሳይሆን በቀን አሰላለሁ፤ ባለ 10 ክኒን 30 ፍሬ የሚበቃው ለ15 ቀን ነው።

«ጀነሪክ 20 በመቶ ይጎድለዋል» የሚለው ወሬ ሴቶችን መድኃኒት ስለሚያስጥል ከልብ ያሳዝነኛል። በጀነሪክ መፈተኛው ላይ ከ80 እስከ 125 በመቶ የሚባለው ክኒኑ ውስጥ ያለው መጠን አይደለም። ወደ ደም የገባው መድኃኒት ከኦርጂናሉ ጋር ሲነጻጸር፣ የስሌቱ የእርግጠኝነት ክልል (እውነተኛው ውጤት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያለው ርቀት) ከነዳርና ዳሩ በዚያ መካከል መውደቅ አለበት ማለት ነው። አማካዩ 80 ላይ ያረፈ ክኒን ፈተናውን አያልፍም። በእርግጥ የሚለያየው ማሟያው ነው፦ ቀለሙ፣ ሽፋኑ፣ ላክቶሱ (የወተት ስኳሩ)። ላክቶስ የማይስማማት ሴት ይህን ታንብብ።

አዲሱን ክኒን በሦስት ቀን መፍረድ ስህተት ነው። ታሞክሲፌን በደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጅበታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ደም ውስጥ ያለው በአብዛኛው የድሮው ነው። ሙቀት ስሜቱንና ማቅለሽለሹን ቢያንስ ለአራት ሳምንት በደብተር መያዝ ይሻላል። የተለወጠው ካርቶኑ ብቻ መሆኑንም እጠይቃለሁ፤ ለድብርት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ጉበት ታሞክሲፌንን ወደ ጠንካራው መልኩ እንዳይለውጥ ያግዱታል። የአንድ እግር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ የማህፀን ደም ግን ደብተር አይጠብቅም፤ በኦርጂናሉም በጀነሪኩም ሊመጣ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

«ታሞክሲፌን አልቋል፣ ሌትሮዞል ልስጥሽ» ከተባለ ይህ የካርቶን ለውጥ አይደለም፤ ሌላ መድኃኒት ነው። የወር አበባዋ ያልተቋረጠ ሴት ላይ የእንቁልጢዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) ሥራ በሌላ ሕክምና ካልተገታ ሌትሮዞል ብቻውን አይሠራም። ያለ ሐኪሟ ትእዛዝ አትቀበል።

ከብሊስተሩ (ፍሬዎቹ ከታሸጉበት ልጣጭ) ወጥቶ በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን አልቀበልም፤ የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩም ማብቂያ ቀኑም የለም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መድኃኒት ለመውሰድ የምትመጡ፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ፍሬዎች ሲቀሩ ተነሱ፤ ባዶውን ካርቶን ከማዘዣው ጋር ያዙ።