ካርዱ ላይ የሌሉት ሰዎች

አንድ ቆላ ወረዳ ውስጥ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ስሠራ የገጠመኝ ነው። በየትኛውም የመድኃኒት ስቶር ለምትሠሩ ሁሉ ብትሰሙት ደስ ይለኛል።

የመድኃኒት ጥያቄ የምንልከው በየ2 ወሩ ነበር። በ2 ወር የወጣውን በ2 ታባዛለህ፣ የ4 ወር ክምችት ይሆናል፣ በእጅህ ያለውን ትቀንስና የቀረውን ትጠይቃለህ። በቃ። የሐምሌንና የነሐሴን ስሠራ የመድኃኒት ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ፣ የወጣው ኮአርተም (የወባ መድኃኒት ነው) ለ120 ሰው የሚሆን ነበር። በእጅ ያለው ዜሮ። 240 ብዬ ሞላሁ፣ ኃላፊያችን ፈረሙ፣ ተላከ።

መድኃኒቱ መስከረም አጋማሽ ላይ ደረሰ። በ3 ሳምንት ጥርግ አለ። ወባ የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው እዚህም እዚያም ተኝቶ ሲቀር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ገና መጀመሩ ነበር።

አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ መጣች። የወባ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው የሚሰጠው። እኔ ግን «ከውጭ ግዢ» ብዬ ወረቀቱን መለስኩላት። ምንም አላለችኝም፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ወጣች። ፊቷ አሁንም ይታየኛል።

ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ የሚሠሩት ጋሼ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ነሐሴን ሙሉ በቀን 6ም 7ም ሰው ወባ አለበት ብዬ ልኬልሃለሁ። አንተ ጋ ነሐሴ ላይ ስንት ይላል?»

ዜሮ ይላል። መድኃኒቱ ያለቀው ሐምሌ 20 ነዋ!

ቁጭ ብለን አሰብነው። 120ው በ60 ቀን ሳይሆን በ20 ቀን የወጣ ነው፣ በቀን 6። መድኃኒቱ ባያልቅ ኖሮ በ2 ወር 360 ይወጣ ነበር፣ ጥያቄውም 720 ይሆን ነበር። እኔ የጠየቅኩት ሲሶውን ነው። ካርዱ የሚያውቀው የሰጠነውን ብቻ ነው፣ ባዶ እጁን የመለስነውን ሰው አያውቅም። የሚከፋው ደግሞ ስቶክ አውት በሆንን፣ ማለትም መድኃኒት ባለቀብን ቁጥር ፍላጎታችን ያነሰ ይመስላል፣ የሚቀጥለው ጥያቄም ያንሳል። የእኛ ቁጥር ከሌሎቹ ጤና ጣቢያዎች ቁጥር ጋር ተደምሮ ነው ወደ ላይ የሚሄደው፤ ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣ መድኃኒት ደግሞ ወራት ስለሚፈጅ እጥረቱ ሲታወቅ ወረርሽኙ ያልፋል።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህን ፈርተው በግምት ሦስት አራት እጥፍ ይጠይቃሉ። አልስማማም። ኤክስፓየር ያደረገ መድኃኒት በካርቶን ሲወገድ አይቻለሁ፣ ያ መድኃኒት ሌላ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሰው ያድን ነበር።

ያኔ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ተበደርን፣ አስቸኳይ ጥያቄም ላክን። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ከመሙላቴ በፊት የጋሼን መዝገብ አያለሁ፣ መድኃኒት ያለቀባቸውን ቀናት ቆጥሬ አወጣለሁ፣ ያለፈው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ስንት ሰው እንደታመመም እመለከታለሁ። በዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ 900 ብዬ ሞላሁ። ኃላፊያችን «ምነው በዛ?» አሉኝ። መዝገቡን ገልጬ አሳየኋቸው። ገጽ በገጽ አዩትና ፈረሙ።