መርፌዋን ወደ አዲስ አበባ መመለስ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ደሴ ላይ ያደገ ልጅ መጠራጠር የጀመረው ከመጽሐፍ አይመስለኝም። ከራዲዮ ነው፤ ይበልጡን ራዲዮው ሳይናገር ካለፈው። ስለ ዘመኑ ሲወራ እስሩና ግድያው ይቀድማል፣ ተገቢም ነው። ዛሬ ማስፈር የፈለግሁት ግን ጓዳ ውስጥ በዝምታ ይደረግ የነበረውን፣ የውጭና የአማፂ ጣቢያ ተደብቆ ማዳመጥንና ከውትድርና አፈሳ መሸሽን ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች እያረጁብን ነው።

አጭር ሞገድ ማዳመጥ ዘዴ ይጠይቃል። ቀን የ19 እና የ25 ሜትር ሞገድ ይሻላል፤ ሲመሽ የ31 እና የ49 ሜትር ይጠራል። የጭቃ ግድግዳ ብዙም አይከለክልም፣ የቆርቆሮ ክዳን ግን ሞገዱን ያዳክመዋል። ስለዚህ ራዲዮው መስኮት ይፈልጋል፤ መስኮት ዳር ሲቀመጥ ደግሞ ድምፁ ደጅ ይወጣል። መላው ሽቦ ነው፦ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ቀጭን የመዳብ ሽቦ አንዱን ጫፍ አንቴናው ላይ ጠምጥሞ፣ ሌላውን በመስኮቱ ዙሪያ ከውስጥ በኩል መዘርጋት፤ ራዲዮውን ጓዳ አስገብቶ ጋቢ ማልበስ። ሽቦው ከደጅ ከታየ ጎረቤት ይጠይቃል። የደከመ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ለጥቂት ጊዜ ይነቃል፤ ከልክ በላይ ካገለገለ ግን ፈሶ የራዲዮውን ሆድ ይበላዋል። ጣቢያ ከመፈለግ በፊት ድምፁን ጨርሶ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ከዜናው ይልቅ የሚያጋልጠው የመክፈቻው ሙዚቃ ነው። ሲያበቃ የጣቢያ ጠቋሚዋን መርፌ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ መንግሥት ጣቢያው መመለስ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

የጀርመን ድምፅ፣ የአሜሪካ ድምፅ፣ የሻዕቢያና የወያኔ ጣቢያዎችም ነበሩ። አማፂዎቹም ያጋንናሉ፤ አስተዋይ ልጅ እነሱንም እንዳለ አይውጣቸውም። የሚያደርገው ማስተያየት ነው። መጋቢት 1980 የኤርትራዋ አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በዚያው ሰሞን መንግሥት ከሶማሊያ ጋር ተስማማ፤ ግንቦት ላይ በኤርትራና በትግራይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እያሸነፈ ያለ መንግሥት ይህን ሁሉ ለምን ያጣድፈዋል? ይህን ጥያቄ ማንም ከውጭ አላስተማረውም፤ የራሱ የመንግሥት ዜና ነው የወለደው። የካቲት 1981 ትግራይ ውስጥ ሽሬ ላይ በመንግሥት ጦር ላይ ከደረሰው ሽንፈት በኋላ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ወሎ ወረደ፤ ከደሴ እስከ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

እምቢታውም እንደ ጥርጣሬው ድምፅ አልነበረውም። የ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የሚጠራው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ነበር፦ 6 ወር ሥልጠና፣ 2 ዓመት አገልግሎት። ቀበሌው ግን ኮታ አለበት፤ ኮታው ሲጎድል አፈሳ ይመጣል፣ አፈሳ ደግሞ ዕድሜ አይጠይቅም። ጢም ያላበቀለውም ይሄዳል። ልጅ በገበያ ቀን የደሴውን ሰኞ ገበያ መሸሽ፣ ገጠር ዘመድ ዘንድ ማደር ነበረበት። ስብሰባ ላይ ግራ እጁን ከሰው ጋር ያነሳል፣ መፈክሩን በከንፈሩ ብቻ ያልፈዋል። ይህን ፈሪነት የሚሉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ልጁ በሌላው ልጅ ሞት ላይ ድምፁን አልጨመረም።

የሽማግሌዎቻችንን ትዝታ የምትሰበስቡ ልጆች፣ «ትቃወሙ ነበር ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ አፍ ይዘጋል። ራዲዮው የት ይቀመጥ እንደነበር፣ በር ላይ ማን ይጠብቅ እንደነበር፣ አፈሳ ሲመጣ ማን ቤት ይታደር እንደነበር ጠይቁ። ከወንዶቹ በፊት ደግሞ እናቶችን፤ ባትሪውን የገዙትም ልጁን የደበቁትም እነሱ ናቸው።