የእርድ ቀለም

ከአዳማ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ነገ በጠዋት ባንክ መግባት አለብኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ብተኛ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። እማዬ አወቀች። ከኅዳር ጀምሮ የደበቅኳትን ነገር በአንድ ጉርሻ ደረሰችበት።

ጥርሴን ማሳሰሬን ከሰው መደበቅ የፈለግኩት ብሬስ፣ ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ፣ የልጆች ነገር ነው ስለሚባል ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ደንበኛ ፊት ነው። ከእማዬ የደበቅኩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እስከ ስምንት ዓመቴ አውራ ጣቴን እጠባ ነበር። እሬት ቀባችው፤ ምሬቱን ችዬ ጠባሁት። በመጨረሻ ሌሊት ሌሊት እጄን በነጠላ ቅዳጅ ትጠቀልለው ጀመር። በሦስተኛው ሌሊት አምርሬ ሳለቅስ አላስችል አላትና ፈታችልኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠቀለለችውም። የፊት ጥርሶቼ ወደ ውጭ ወጥተው ሲያድጉና የሰፈር ልጆች "ገጣጣ" ሲሉኝ የሚታወሳት ያ ሌሊት ነው። ፍንጭት በሚዘፈንለት አገር ገጣጣ ስድብ ነው። የምረቃ ፎቶግራፌ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ አለ፤ ከንፈሬን ግጥም አድርጌ የተነሳሁት ነው። እንግዳ ሲመጣ "ልጄ ጭምት ናት" ትላለች። ጭምት ሆኜ አላውቅም። ስስቅ አፌን በነጠላዬ ጫፍ መሸፈን የለመድኩት ያኔ ነው፤ እሷም ስሸፍን ካየች ፊቷን ታዞራለች።

ስለዚህ ሕክምናው አልቆ፣ ጥርሴ ተስተካክሎ ነው የማሳያት ብዬ ነበር። አፌ ውስጥ ሽቦ ካየች ራሷን መውቀስ እንደገና ትጀምራለች ብዬ ፈራሁ።

ሐኪሟ አፌን ካየች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የት እንዳደግኩ ነው። ወንጂ አልኳት። ጥርሴ ላይ ያለው ቡናማ ጥላ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን የበዛበት የልጅነቴ ውሃ ምልክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። እንዲህ ያለ ጥርስ ማጣበቂያ አጥብቆ አይይዝም፤ ጥርሱ ላይ ከሚለጠፉት የሽቦ መያዣዎች አንዳንዱ ሊወልቅ እንደሚችል አስቀድማ ነገረችኝ። እውነትም አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ወለቀ።

ከብረት የተሠራው መያዣ ረከስ ይላል፣ ጠንካራም ነው፤ ገና ስስቅ አፌን በሸፈንኩበት እጅ ብረት ልሸፍን ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ጥርስ ላይ እንደ ሽፋን የሚጠለቀውንና የሚወልቀውን ግልጽ ፕላስቲክም አነሳችልኝ፤ አሜሪካ ውስጥ በ1998 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈቀደው ዓይነት ነው። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት፣ ሲበላና ከውሃ በቀር ሌላ ሲጠጣ ይወልቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ቡና በሚጠጣበት ቤት ይህን ማድረግ ለእኔ የሚቻል አልሆነም። የቀረው ከሴራሚክ የተሠራው መያዣ ነበር። የሚሠራው ከአሉሚና ነው፤ ይኸው ነገር በተፈጥሮ ጠርቶ ሲገኝ ሰንፔር የምንለው ዕንቁ ይሆናል። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ወተት የመሰለ፣ አንዱ እንደ መስታወት የጠራ። ወተት የመሰለው እንደ እኔ ባለ ጥርስ ላይ ከጥርሱ ይልቅ ነጥቶ ይታያል፤ የጠራው ግን የተለጠፈበትን ጥርስ ቀለም ይይዛል። የጠራውን መረጥኩ። የዕቁብ ተራዬ ደርሶ ስለነበር ገንዘቡን ከዚያ ከፈልኩ።

የላይኛው ጥርሴ ብቻ ነው ግልጽ የታሰረው። ሴራሚክ ከጥርስ ገለፈት ይጠነክራል፤ ታች ቢደረግ የላይኛው ጥርስ ሲነክሰው ይሸረሸራል። ታች ብረት ነው፤ ስናገር ብዙም አይታይም። ሴራሚኩ ደግሞ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ቆሎ ተውኩ፣ ዳቦ ቆሎ ተውኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት በገንፎ አሳለፍኩ። ሕመሙ ጥርሱ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ነው፤ ጥርሱ በተገፋበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል፣ ጥርሱ እንዲህ እያለ በወር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይጓዛል። ማታ ማታ ስንት ተጓዘ እያልኩ በምላሴ እዳስሰዋለሁ።

ሐኪሟ ከሁሉ አጥብቃ ያስጠነቀቀችኝ ስለ እርድ ነበር። ሴራሚኩ ራሱ ቀለም አይዝም፤ ሽቦውን ከሴራሚኩ ጋር የሚያስሩት ትናንሾቹ ላስቲኮች ግን ይይዛሉ፤ የሚቀየሩትም በቀጠሮ ብቻ ነው።

ሁዳዴ ነው። እማዬ ቤት ቅዳሜ ማታ የቀረበው ክክ አልጫ ነበር፤ እንደ አደይ አበባ ቢጫ። እንዴት አልበላም ይባላል? በላሁ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ አጎረሰችኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል አለችና ሁለተኛውን ጠቀለለች፤ አፌን ስከፍት እጇ አየር ላይ ቆመ።

"ጥርስሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ስድስት ቢጫ ነጥቦች በተራ ተደርድረው፣ ሽቦው በመሃላቸው። አሳሰርኩት እማዬ፣ አልኳት። ዝም ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሽሮ የነካ አውራ ጣቷ አገጬ ላይ ነበር።

"ያምሻል?"

"አሁን አያመኝም።"

"ያን ሌሊት ባልፈታው ኖሮ..."

ይህን እንደምትል አውቅ ነበር። ሐኪሟ የነገረችኝን ነገርኳት፤ ጣት መጥባት ብቻውን እንዳልሆነ፣ የመንጋጋ አለመመጣጠን በዘርም እንደሚወረስ። እማዬ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችውና አሰበች።

"የአባትሽ መንጋጋ ነው" አለች። ከዚያ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ አፌን ሳልሸፍን መሳቄን ያስተዋልኩት ግን አውቶቡስ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋደም ባልኩበት ከማድ ቤት የመክተፊያ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስወጣ የታሰረ ፌስታል ሰጠችኝ፤ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አሁን ፈታሁት። ክክ አልጫ ነው፤ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ገና ይሸታል። እርድ አልገባበትም።