ለበረራዎች ጌት ስደለድል

ለመመረቂያ ሥራዬ የመረጥኩት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው። የትኛው አውሮፕላን የትኛው ጌት ላይ ይቁም? ቦሌን የሚያውቅ ሰው ግን ክብደቱ ቶሎ ይገባዋል። ቦሌ የትራንዚት ኤርፖርት ነው። ጠዋት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ተከታትለው ያርፋሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሳሉ። ማታ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ጌት የሚጠበው በእነዚህ ሰዓታት ነው።

ማንም ሊያየው የሚችለውን የበረራ ሰሌዳ ወሰድኩ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ የጉግልን ኦአር-ቱልስ ተጠቀምኩ፤ ከብዙ አማራጮች የተሻለውን ፈልጎ የሚያወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። አንድ ጌት ላይ የሁለት አውሮፕላኖች ቆይታ እንዳይደራረብ ከለከልኩ። ቀጥሎ የክንፍ ስፋት መጣ። የቦይንግ 737-800 ክንፍ 36 ሜትር ገደማ ነው፤ የኤርባስ ኤ350 ወደ 65 ሜትር ይጠጋል። አንዳንድ ሰፊ ማቆሚያ ወይ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ወይ ሁለት ትንንሾችን ይይዛል። እንዲህ ያለውን ቦታ መሃል፣ ግራና ቀኝ ብዬ ሦስት ጌት አድርጌ ጻፍኩት። መሃሉ ከተያዘ ሁለቱ ይዘጋሉ። በጣም የምወዳት ዘዴ ናት።

ጌት ያጣ በረራ ራቅ ብሎ ይቆምና መንገደኛው በአውቶብስ ይመጣል። ለዚህ የቅጣት ነጥብ ሰጠሁ፤ ጠቅላላ ቅጣቱ ያነሰው ድልድል ይመረጣል። ይህ አማራጭ ከሌለ ሶልቨሩ፣ ማለትም መፍትሔ የሚፈልገው ፕሮግራም፣ መፍትሔ የለም ብሎ ቁጭ ይላል።

መንገደኛ ከጌት ወደ ጌት የሚሄደውን የእግር መንገድ ለማሳጠር ሁሉንም ትራንዚት መንገደኛ አልቆጠርኩም። እስከ ቀጣዩ በረራ ሦስት ሰዓት ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይደርሳል። የቆጠርኩት ጊዜ የሚያጥረውን ብቻ ነው፤ ስሌቱም በጣም ፈጠነ።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት ግን ስለ ክፍተት ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ስንት ደቂቃ ይተው? ቁርጥ ያለ ገደብ አላስቀመጥኩም። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ቅጣቱ በፍጥነት እንዲከብድ አደረግኩ። ከዚያ በረራዎችን በዘፈቀደ እያዘገየሁ ድልድሉን ፈተንኩት። ትንሽ ረዘም ያለ የእግር መንገድ የነበረው ድልድል የጌት ለውጥ በጣም ያነሰበት ሆነ። እኔ እሱን እመርጣለሁ። ልጅ ያዘለች እናት ጌቷ ጋ ደርሳ ተቀምጣ ሳለ ተነሽ ማለት ከባድ ነው።

ስለዚህ በረራ ሲዘገይ ሁሉን ከዜሮ አልደለድልም። የነበረው ጌት እንዲቆይ እመርጣለሁ፤ መሳፈሪያው ሰዓት በቀረበ ቁጥር የመቀየር ቅጣቱ ይጨምራል።