የጦርነት ዘመን ፎርድ ትራክተር መቼ እንደተሰራ እንዴት እንደለየሁ

ፎርድ 2ኤን ትራክተር ያለው ሰው ሴሪያል ቁጥሩን ፈልጎ ሲያገኘው በ9ኤን ሲጀምር ያያል፣ እና ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የኔማ ከ2ኤን በፊት የነበረው 9ኤን ሞዴል ነው ብሎ የሚያቆመው። ፎርድ ግን በ1942 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሞዴሉን ስም 2ኤን ብሎ ሲቀይር ሞተሩ ላይ የሚመታውን 9ኤን አልቀየረውም፣ 1947 ምርቱ እስኪቆም ድረስ እንደዛው ቀጠለ። ስለዚህ ሴሪያሉ ብቻውን አይበቃም። ሌላው ደግሞ ቁጥሩ ያለው ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ነው፣ በግራ በኩል፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ሞተር ከተቀየረ ቁጥሩም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

እኔ እዚህ ሚኒሶታ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎተራ ውስጥ የቆመውን ነው ያየሁት። እሳቸው አባቴ በጦርነቱ መሀል ነው በአዲስነቱ የገዛው ይላሉ፣ ልጆቻቸው አያምኑም ምክንያቱም ጎማ አለው፣ ባትሪ አለው፣ የጦርነቱማ ብረት እግር (ጎማ የሌለው የብረት መንኮራኩር) ነው የነበረው ይላሉ። እኔ አርሲ ማሴ ፈርጉሰን ላይ ነው ያደግኩት፣ እዚህ ፎርዱም ላይ ከኋላ ማረሻ የሚያነሱት ሶስቱ ክንዶች የዛው የሃሪ ፈርጉሰን ስራ ናቸው፣ ስለዚህ ማሽኑ ብዙም እንግዳ አልሆነብኝም።

የብረት እግሩ ነገር እውነት ነው ግን ግማሽ እውነት። በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ላስቲክ የሚመጣበትን ደቡብ ምስራቅ እስያ ስትይዝ ጎማ ጠፋ፣ መዳብም ለጦር መሳሪያ ሄደ። ያኔ ፎርድ ያለ ባትሪ፣ ያለ ዲናሞ፣ ያለ ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር)፣ ያለ ባትሪ ብልጭታ በሚሰጥ ማግኔቶ የሚሰራና በማኖቬላ (በእጅ በሚዞር ብረት) የሚነሳ የብረት እግር ትራክተር አወጣ። ግን እቃው ሲገኝ ጎማውም ኤሌክትሪኩም ተመልሷል፣ የብረት እግር የገዛውም ገበሬ ጎማ እንደልብ ሲሆን ራሱ ቀይሮታል። እንግዲህ ጎማና ባትሪ ስላለው የጦርነቱ አይደለም ማለት አይቻልም፣ እነሱ የሚነግሩን ትራክተሩ ላይ አሁን ምን እንዳለ እንጂ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረው አይደለም።

ዋናው ማስረጃ ብረቱ ሲቀለጥና ሲፈስ አብሮት የወጣው ኮድ ነው። አንድ ፊደል፣ ከዛ አንድ ወይ ሁለት አሃዝ፣ ከዛ አንድ አሃዝ። ፊደሉ ወሩ ነው፣ ኤ ጃንዋሪ፣ ኤል ዲሴምበር፣ መሀሉ ቀኑ፣ የመጨረሻው የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ። ዲ 20 3 ካለ ኤፕሪል 20፣ 1943 ማለት ነው። ካምቢዮ (ማርሽ) ቤቱ ላይ፣ የኋላው አክስል ቤት ግራና ቀኝ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ፈልጉት፣ ብዙ ጊዜ ቅባትና አፈር ስር ተቀብሯል። እኔ በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ አጥቤ፣ መብራቱን ከጎን አስጠግቼ ይዤ ጥላው ፊደሉን ሲያወጣልኝ በጠመኔ አሸሁት፣ ከዛ ፎቶ። ሴሪያሉ ጋ ግን በጣም ተጠንቀቁ እባካችሁ፣ እሱ በስሱ የተመታ ነው፣ ግራይንደር ወይም የአሸዋ ግፊት ካስነካችሁት ለዘላለም ጠፋ፣ ቀለሙን በቀለም ማስለቀቂያ ብቻ አንሱት።

ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። ሞኖብሎኩ፣ ካምቢዮው፣ ሁለቱም አክስል ቤቶች ከፌብሯሪ እስከ ኤፕሪል 1943 ውስጥ ወደቁ፣ የመጨረሻው ዲ 20 3 ነው። አራት ከባድ ብረት እንዲህ ከተስማማ ትራክተሩ አንድ ላይ የተወለደ ነው፣ እና የተገጠመው ከመጨረሻው ቀን በፊት ሊሆን አይችልም ምክንያቱም ያልተቀለጠ ብረት አይገጠምም።

ያልተስማማው ቴስታታው ነው፣ የዓመቱ አሃዝ 9። ይሄ 1939 ወይ 1949 ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ከ1947 ጀምሮ የመጣው 8ኤን ብዙ እቃው እዚህም ይገጥማል፣ አሃዙም ይደገማል። 1943 ለተገጠመ ትራክተር የ1939 ቴስታታ ከሚሆን በኋላ የተቀየረ የ1949 ነው የሚለው ይበልጥ ያስኬዳል። ቀይ ቀለሙም እንደዛው፣ 9ኤንና 2ኤን ሙሉ ግራጫ ነበሩ፣ ቀይ የ8ኤን ነው፣ ሲፋቅ ከስሩ ግራጫው ወጣ። ካምቢዮው ደግሞ ሶስት ማርሽ ነው፣ 8ኤን ቢሆን አራት ይሆን ነበር፣ የግራው ፍሬንም ከፍሪሲዮኑ (ማርሽ ሲቀየር ከሚረገጠው ፔዳል) ጋ በግራ በኩል ነው ያለው፣ 8ኤን ላይ ሁለቱም ፍሬን ወደ ቀኝ ሄዷል።

የፊት እግሩን ከኋላ የሚደግፉት ሁለቱ ረጃጅም ዘንጎች ናቸው ያስደሰቱኝ። እስከ 1944 ድረስ እንደ ድልድይ ብረት መሀላቸው የጎደጎደ ነበሩ፣ ከዛ ሞላላ ቱቦ ሆኑ። የሳቸው የግራው የጎደጎደው ነው፣ የቀኙ ሞላላ፣ ማለትም አንዱ ታጥፎ ወይ ተሰብሮ በኋላ በወጣ እቃ ተተክቷል። እኔ የቀኙን አውጥታችሁ የድሮውን ፈልጉ አልልም፣ ተሸክሞ የሰራ እቃ ነው፣ ግን መቀየሩን ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ነገ የሚያየው ሰው በ1943ም ሞላላ ይገጠም ነበር ብሎ ሌላ ትራክተር በዛ ይለካል።

ለሽማግሌው ኮዶቹን ከነፎቶው አትሜ ሰጠኋቸው፣ ከላይ የጻፍኩት ከኤፕሪል 20፣ 1943 በኋላ የተገጠመ፣ ቴስታታና የቀኝ ዘንግ የተቀየረ የሚል ነው። ከፋብሪካ በብረት እግር ይውጣ በጎማ ግን አልጻፍኩም፣ ብረቱ ላይ ያየሁት ነገር ያንን አይናገርም።