ጂጂን ማን ወሰዳት? ሁለት ቀን በባሕር ዳር

ባሕር ዳር የገባሁት ዓርብ መጋቢት 26 ቀን 2017 ከሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጣናን ከላይ ሳየው ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀለሙ ነው። ፖስትካርድ ላይ ሰማያዊ ነው፤ በመስኮት ሲታይ ግን ሻይ በወተት ይመስላል።

የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም። የአጎቴ ልጅ ከኤድመንተን መጥቶ ነው፤ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ። ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፣ ሁሉም «ካናዳ» ይለዋል። የሚያስተናግደን የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ማንቼ» ነው። ለምን እንደተባለ መቼም ይገባችኋል። እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፤ ትዕግሥትን ከእኔ ተማሩ።

ማንቼ ጌም ቤት አለው። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፕሌይስቴሽን 4፣ በረንዳው ላይ አንድ የደከመ ጆተኒ። ሕጉ እንደ አገሩ ሁሉ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ልጆቹ ጌሙን ዛሬም «ፊፋ» ነው የሚሉት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ከፊፋ ተለያይቶ ስሙን «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ማለቱ እዚህ ሰፈር አልደረሰም፣ ቢደርስም ማንም ግድ አይሰጠው። በእኔ ዕድሜ ያሉት ደግሞ ጥግ ይዘው «ፔስ ይሻል ነበር» እያሉ ያለቅሳሉ። ይሻል ነበር!

ካናዳ በሻንጣው አንድ ዲስክ ይዞ መጥቷል፤ «ኤንኤችኤል 24»፣ የበረዶ ሆኪ። አዲሱ 25 በፕሌይስቴሽን 4 ስለማይሠራ ማንቼ ቀድሞ ነግሮት ነው። ዲስኩ ሲገባ ሰባት ስምንት ልጅ ተኮለኮለ። ካናዳ እንደ አስተማሪ ቆሞ ማስረዳት ጀመረ። በረዶው ላይ በአንድ ወገን ስድስት ሰው ነው፣ በረኛውን ጨምሮ። ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ። ተጫዋች ሲቀየር ጨዋታው አይቆምም፤ አንዱ አጥሩን ዘሎ ሲወጣ ሌላው ዘሎ ይገባል።

«ዳኛው ሳያይ ነው?» አለ አንዱ።

«እያየ ነው።»

«መደባደብ ይቻላል?»

ካናዳ ትንሽ አመነታና እውነቱን ነገራቸው። ጓንታቸውን ጥለው ይቧቀሳሉ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ተቀጥተው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። መንገር አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ግብ የሚባል ነገር አልታየም። ሁሉም ጓንት ሲጥል ነበር። በመጨረሻ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ካናዳን መጀመሪያ በቡጢ ዘረረው፣ ቀጥሎ 4 ለ 1 አሸነፈው። ካናዳ ከፍሎ ተነሳ።

ቅዳሜ መጋቢት 27 የመድኃኔዓለም ዓመታዊ በዓል ነው። እቴቴ፣ የማንቼ እናት፣ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን ለብሳ ወጥታለች። እኛ ሦስታችን ወደ ዘጌ ጀልባ ተሳፈርን። የካናዳ ዓይን በርበሬ መስሏል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቶ ሆኪ ሲያይ ነው ያደረው።

ውሃው ላይ ወሬያችን ፋንታሲ ነበር፤ የምናብ ቡድን አቋቁመህ፣ ተጫዋቾችህ በእውነተኛው ጨዋታ በሠሩት ነጥብ የምትሰበስብበት። እኔና ማንቼ የፕሪሚየር ሊጉን ፋንታሲ ዓመታት ተጫውተናል። 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል፣ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ አይቻልም። ካፒቴን ያደረግኸው ተጫዋች ነጥቡ እጥፍ ይሆናል።

ካናዳ በጥሞና ሰማን። ከዚያ «ሁለታችሁም ሳላህ አላችሁ?» አለ።

«አለን።»

«ካፒቴናችሁ ማነው?»

«ሳላህ።»

«ጓደኞቻችሁስ?»

«ሳላህ።»

«ታዲያ በምን ትሸናነፋላችሁ?»

ማንቼ ወደ ውሃው አየ፣ እኔ ወደ ሰማዩ። የጀልባው ካፒቴን ሳቀ። እውነት ለመናገር በአራተኛ ተከላካይ ነው የምንሸናነፈው። በተቀያሪ በረኛ። ሳላህ ሲያገባ እኩል እንጮሃለን፣ እኩል ነጥብ እናገኛለን፣ ማንም ከማንም ፈቀቅ አይልም።

የእነ ካናዳ የሆኪ ፋንታሲ እንደዚህ አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ አሥር ሰዎች ናቸው። የውድድር ዘመኑ ሳይጀምር አንድ ጠረጴዛ ከበው ተራ በተራ ይመርጣሉ። አንዱ የወሰደውን ተጫዋች ሌላው ዓመቱን ሙሉ አያገኘውም። አሥረኛው ጋ ሲደርስ ተራው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መጨረሻ የመረጠው ሁለት በተከታታይ ይወስዳል። ልክ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ፣ ወዲያ ሄዶ ወዲህ። የሚቆጠረውም ግብ ብቻ አይደለም። ለግብ ማቀበል፣ ሙከራ፣ በትከሻ መግጨት፣ ኳሱን በሰውነት መከለል ሁሉ ነጥብ አለው። ኳስ ስል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው፤ ሌላ ስም ስላላገኘሁለት ኳስ ልበለው።

የኤድመንተኑ ኮነር ማክዴቪድ ገና በመጀመሪያው ዕጣ ተወሰደ። ካናዳ ወደ መጨረሻ አካባቢ አሌክሳንደር ኦቬችኪንን አነሳ። ያኔ ለዋሽንግተን የሚጫወት ሩሲያዊ፣ 39 ዓመቱ ነበር። ሳቁበት። ኅዳር አካባቢ ደግሞ ሰውዬው እግሩ ተሰብሮ 16 ጨዋታ አመለጠው። የበለጠ ሳቁ። ካናዳ አልለቀቀውም። «የኔ ነዋ፤ የማንም አይደለም» አለን፣ ስለ ዘመድ የሚያወራ ይመስል።

ያን ሌሊት ነው እንግዲህ ኦቬችኪን ሁለት አግብቶ 894ኛውን ግቡን የደረሰው። 894 የዌይን ግሬትስኪ የሊጉ የግብ ክብረ ወሰን ነበር። ግሬትስኪ ማለት ኤድመንተን ውስጥ ሐውልት የቆመለት፣ እ.ኤ.አ. በ1981/82 በአንድ የውድድር ዘመን 92 ያገባ ሰው ነው። አንድ ከጨመረ የካናዳ ተጫዋች የካናዳን ከተማ ጀግና ይሽረዋል። ጎረቤቶቹ ምን ይሉታል? እሱም አያውቅም። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣው።

ዘጌ ላይ ጫካውን፣ ከሥሩም የቡናውን ተክል አየን። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን ሥዕሎቹ ፊት ቆምን። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ሰው ጽፏል፣ እኔ አልጨምርበትም። እኔን የያዘኝ ሌላ የባሰ ነገር ነው፤ የፋንታሲው ዝውውር መዝጊያ።

መዝጊያው ከዙሩ የመጀመሪያ ጨዋታ 90 ደቂቃ ቀድሞ ነው። የቀኑ የመጀመሪያ ጨዋታ ኤቨርተን ከአርሴናል ነበር። የኔ ቡድን ውስጥ ማክሰኞ ዕለት የተጎዳው ገብርኤል አለ፤ እሱን አውጥቼ ሌላ ተከላካይ ማስገባት አለብኝ። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ የቅዳሜ መዝጊያ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነበር። ስለዚህ ተረጋግቼ ቡናዬን ጠጣሁ። እንግሊዞች ግን ያለፈው እሁድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተዋል። መዝጊያው 7 ሰዓት ሆኗል። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። በየዓመቱ አውቀዋለሁ፣ በየዓመቱ ይበላኛል።

ወደብ ስንደርስ 7 ከ20። ስልኬን ከፈትኩ፣ ተዘግቷል።

ማንቼ ጀልባው ላይ ስልኩን ሲነካካ አይቼው ነበር። ታንኳ ፎቶ የሚያነሳ መስሎኝ። ለካ ዝውውሩን እየጨረሰ ነው! ደንገል ታንኳ ሙሉ እንጨት ጭነው የሚቀዝፉ ሰዎች በአጠገባችን ሲያልፉ «እያቸው፣ እንዴት ያምራል» ያለኝም እሱ ነው።

ጨዋታውን ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን አየን። ትሮሳር አገባ፣ ኢንዲያይ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፣ 1 ለ 1 አለቀ። ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

ከዚያ ሐይቁ ዳር አሳ ፈለግን። ሁዳዴ ነው። እቴቴ አሳን ከጾም አታስገባውም፣ ቤቷም አይደርስም። ካናዳ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የናፈቀው የተጠበሰ ቆሮሶ ነው፤ ብቻውን ሁለት በላ። እኔ በያይነቱ አዘዝኩና አፌን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።

የአልበሙ ነገር የተጀመረው እዚያ ነው። ካናዳ ኤድመንተን ውስጥ ክረምት ሙሉ መኪናው ውስጥ የሚሰማው አንድ አልበም ብቻ እንደሆነ ነገረን። ማንቼ «በጭራሽ አንድ አይበቃም» አለ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ካናዳ «እንደ ሆኪው ተራ በተራ እንምረጥ» አለ። አምስት አምስት አልበም፣ የተወሰደ አይመለስም።

ማታ እቴቴ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣ አወጣን። ችግሩ በሁዳዴ እቴቴ ቤት ዘፈን አይከፈትም። ስለዚህ ሁሉም በቃል ነው። ማስረጃ ማቅረብ የለም፣ ማንጎራጎር እንኳ የለም።

አንደኛ ማንቼ። የቴዲ አፍሮን «ኢትዮጵያ» ወሰደ፣ 2009 የወጣውን። በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል ብሎ ተከራከረ። ማንም አልተቃወመውም እኮ።

ሁለተኛ ካናዳ። ዓይኔን እያየ «ጂጂ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ በስሟ የተሰየመው፣ «ዓባይ» ያለበት። የዌይን ሾርተር ሳክስፎን፣ የሄርቢ ሃንኮክ ፒያኖ፣ ከዚያ መሐል የቻግኒ ልጅ ድምፅ። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ብዙም ሳልርቅ ተቀምጬ ያንን ዘፈን ለኤድመንተን አስረከብኩ። ሳላህን ለሁሉም የሚሸጠው ፋንታሲ ላይ ይህ አይደርስም ነበር። ያን ጊዜ ነው ካናዳ ስለ ኦቬችኪን «የኔ ነዋ» ያለው የገባኝ።

ሦስተኛ እኔ፣ ሁለት በተከታታይ። የአስቴርን «ካቡ» እና የሙላቱ አስታጥቄን የ1972 (እ.ኤ.አ.) ሸክላ ወሰድኩ። ጥሩ ናቸው፤ በጣም ጥሩ ናቸው። ግን ጂጂ የለችም።

እቴቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች «ምን እየተከፋፈላችሁ ነው?» አለች። ነገርናት።

«እኔስ ለምን አልደርስም?»

«ዘፈን እኮ ነው እቴቴ፣ በጾም…»

«መስማት እንጂ ማውራት መች ተከለከለ? ጥላሁን የኔ ነው።»

«የትኛው አልበም?» አለ ማንቼ፣ ለእናቱም ሕግ ሊያስከብር።

«የምን አልበም? ጥላሁን ነዋ!»

እዚህ ላይ ፍርዱን ለእሷ ሰጠሁ። ጥላሁን በወጣትነቱ በሸክላ ካስቀረጸው ብዙው የወጣው በትንንሹ ሸክላ ነው፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊት አንድ። አሥር ዘፈን በአንድ ላይ ይዞ መውጣት በኋላ ከካሴቱ ጋር የተለመደ ነገር ነው። እሷ ያደገችበትን ሙዚቃ «የትኛው አልበም» ብሎ መጠየቅ ራሱ ስህተት ነው። ማንቼ ተቃወመ። እቴቴ ሦስተኛውን ቡና ልታስቀር እንደምትችል ጠቆም አደረገች። ጥላሁን በሙሉ፣ ከነሕይወት ዘመን ሥራው፣ የእሷ ሆነ።

እሁድ በኳስ በኩል የሚወራ የለውም። ፉልሃም ሊቨርፑልን 3 ለ 2 አሸነፈ፣ የሁላችንም ካፒቴን ሳላህ አላገባም። የማንችስተር ደርቢ 0 ለ 0። ማንቼ በአቻው ደስተኛ መሆኑ ስለ ክለቡ ዘመን ብዙ ይናገራል።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን አራታችንም የካናዳን ስልክ ከበናል። ስልኩ በስኳር ማስቀመጫው ተደግፏል። እቴቴ መጀመሪያ ከሩቅ ነበረች። ቀስ በቀስ ቀረበች። በትር ይዘው የሚራኮቱትን ሰዎች አየት አድርጋ፣

«ይሄማ ገና ነው» አለች።

«ሆኪ ነው እቴቴ።»

«ገና ነው እንጂ! ይኸው ዱላው ቆልመም ያለ። ሩሯ ትንሽ ናት። እኛ ሜዳ ላይ ነው፣ እነሱ በረዶ ላይ።»

ሁለቱ ሲተሻሹም አልደነገጠችም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብላ ጥጧን መፍተል ቀጠለች።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጋጣሚው አንድ ሰው ተቀጥቶበት እያለ ኦቬችኪን ከግራ በኩል መታ፣ ገባ። 895። ካናዳ አልጮኸም። እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሰውዬው ሮጦ ሮጦ በደረቱ በረዶው ላይ ተዘረጋ።

«ኧረ ብርድ ይመታዋል! አንሱት!» አለች እቴቴ።

ጨዋታው ቆመ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ግሬትስኪ ራሱ መጥቶ ጨበጠው። ካናዳ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ሰኞ ጠዋት አየር ማረፊያ ተቀምጬ መልእክቱ ደረሰኝ። ያ ሳምንት የመሥሪያ ቤታቸው ፋንታሲ ፍጻሜ ነበር፤ የእሁዱ ጨዋታ ሁሉ ያለቀው በእኛ ሌሊት ነው። 5 ለ 4 ተሸንፏል። ኦቬችኪን ሳይሆን በረኛው ነው የጣለው።

አጽናናሁት። ትንሽ ቆየሁና፣ በሆኪው ሕግ መለዋወጥ ይፈቀዳል አይደል፣ ሐሳብ አቀረብኩለት። አስቴርንም ሙላቱንም ልስጥህ፣ ጂጂን ስጠኝ።

ወደ አውሮፕላኑ ስንጠራ መልሱ ገባ።

«ገና ነው።»